ማንም የማይሻገረው ድልድይ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ፤ ዱርቤቴ።

«ባሕር ማዶ ተሻግረህ ምን አየህ?» ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ በዌልስ ምዕራብ ፔምብሮክሺር በተባለው አውራጃ ያየሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

ሕዝቡ ከሩቅ እየመጣ የሚያደንቀው አንድ ድልድይ አለ፤ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ማዕበል ከኖራ ድንጋዩ ገደል ስንጥቅ እየገባ ለብዙ ሺሕ ዘመን ሲቦረቡር ኖሮ የቀረጸው እንጂ የሰው እጅ ያላረፈበት ቅስት ነው። መነሻው ገደል፣ መድረሻው ባሕር በመሆኑ የሚሻገርበት ፍጡር የለም። የሞጣው ሰባራ ድልድይ ወገቡ ተቆርጦ እንኳ ያገራችን ሰው በገመድ እየተጎተተ ዓባይን ሲሻገርበት ኖሯል፤ እነዚህ ግን ደኅናውን ድልድይ ቆመው አይተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ። በ2010 ዓ.ም. በወርኀ ጥቅምት ኦፊሊያ የተባለ ዐውሎ ነፋስ ከቅስቱ ቢቆርስበት፣ ነገሩ እንደ መርዶ በየጋዜጣው ተነገረ። ጣራው የወደቀ ዕለት፣ የባሕር ወፎች ታጭቀው እንደሚፈለፍሉባቸው እንደ ጎረቤቶቹ ሁለት ዐምዶች፣ እሱም ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ይህን ድልድይ ለማየት ደግሞ አስቀድሞ የጦር ሠራዊቱን ደጅ መጥናት ያሻል፤ ስፍራው የታንክ መተኮሻ ነውና፣ ቀይ ሰንደቅ ከተሰቀለ የፈጣሪ ሥራ ለዕለቱ ዝግ ነው።

ከዚያው አጠገብ ቅዱስ ጎቫን የተባለ ባሕታዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓት ያጸናበት ገደል አለ፤ የባሕር ወንበዴዎች ሲያሳድዱት ዐለቱ ተከፍቶ ሰወረው ይላሉ። ወደ ጸሎት ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ፣ ሲወርዱ የቆጠሩት ሲወጡ ከቆጠሩት አይገጥምም የሚል ትውፊት አላቸውና፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ እንደ እርስዎ ያለ ሊቅ ቢደርስላቸው መልካም ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ባራፈንደል የተባለው ሥውር የባሕር ዳርቻ ነው። መኪና አይደርስበትም፤ ከስታክፖል ወደብ ተነሥቶ በገደሉ አፋፍ በእግር ይኬዳል። ሰዎቹ ይህን ሁሉ የሚደክሙት ሰው ከሌለበት ለመቀመጥ ነው፤ ብሕትውናውስ ባልከፋ፣ ያለ ጾምና ያለ ልብስ መሆኑ እንጂ! እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከሌላው ርቆ ጨርቁን አነጠፈ። እኔም እንዳሳደጉኝ ከጨርቅ ጨርቅ እየዞርሁ፣ እጅ እየነሣሁ፣ «እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብል፣ አንዲት ባልቴት ውሻ የጠፋብኝ መስሏት «ምን ዓይነት ነው?» ብላ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ደግነቷን ላለማሳፈር «ቡላ ነው» አልኋት፤ እስከ ሠርክ አብረን ፈለግን።

በርበሬው ደርሶኛል፤ ለእናቴ ይንገሩልኝ።

ታዛዥ የእኅትዎ ልጅ