አረካን አልፎ ሶዶ የገባው ዘንዶ

በወላይታዋ አረካ ከተማ ተከታታይ ፊልም የፈለገ ሰው ፍላሹን ይዞ ፊልም የሚጭኑ ልጆች ጋ ይሄዳል። ዝርዝሩን ከኮምፒውተሩ ላይ አይቶ ይመርጣል፣ ያስጭናል፣ ከፍሎ ይወጣል። «ኤንጀል»ንም ያገኘሁት እንዲሁ ነው። ነፍሱ የተመለሰችለት ኤንጀል የተባለ ቫምፓየር፣ ድሮ የሠራውን ግፍ ለመካስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው ሲታደግ የሚያሳይ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 በአምስት ሲዝን 110 ክፍል ተላልፏል። መብራት ሲሄድ እያቋረጥኩ፣ ሲመጣ እየቀጠልኩ መጨረሻው ላይ ደረስኩ።

የመጨረሻው ክፍል ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የኤንጀል ጓደኛ ዌስሊ ሞቷል። ሌላው ጓደኛው ቻርልስ ጋን ቆስሎ ደሙ እየፈሰሰ ነው። የተረፉት ጓደኛሞች በዝናብ፣ በጨለማ፣ ጠባብ የጓሮ መንገድ ውስጥ ተሰብስበዋል። የአጋንንት ሠራዊት እየመጣባቸው ነው፤ ከላይ ዘንዶ ያንዣብባል። ኤንጀል ዘንዶውን ለራሱ መርጦ ሰይፉን ሲያነሳ ፊልሙ አለቀ።

በማግስቱ ፊልሙን የጫነልኝ ልጅ ጋ ሄጄ «ወንድሜ፣ የቀረውን ክፍል አልጫንክልኝም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይኸው ነው። ቀጣይ የለውም።»

አለው፤ ያለው ግን በወረቀት ላይ ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን እንደማይቀጥለው እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ላይ ሲያስታውቅ ታሪኩ ሜዳ ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ግን ብራያን ሊንች ከፊልሙ ፈጣሪዎች አንዱ ከሆነው ከጆስ ዌደን ጋር መክሮ በኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል በሚተረክ መጽሐፍ፣ ቀጠለው፤ እስከ 2009 ድረስ 17 ቁጥሮች ወጡ። ኤንጀል የተወለደበት «ባፊ» የተባለው ፊልምም በዚያው በ2007 በኮሚክ ስምንተኛ ሲዝኑን ጀምሮ 40 ቁጥር ሄዷል። እዚያ ላይ የባፊ ታናሽ እህት ዶውን ከቤት የምትበልጥ ግዙፍ ሆና ትመጣለች። በቴሌቪዥን ይህን ለመሥራት ስንት ብር ይፈስ ነበር! ሠዓሊ ግን ግዙፍ ሴት ለመሣልም ወንበር ለመሣልም የሚያወጣው ያንኑ ቀለም ነው። የኮሚክ ትልቁ ጉልበቱ ይህ ይመስለኛል።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ የ«ኤንጀል»ን ኮሚክ የመጀመሪያ ጥራዝ ገዝታ ለመንገደኛ ሰጠችልኝ። አዲስ አበባ የተቀበለው ወዳጄም ፖስታው ላይ ስሜንና ስልኬን ጽፎ ለአውቶቡስ ረዳት አደራ አለ። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና አድርጎ አረካ ሲደርስ ልቀበል መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አውቶቡሱ መጣና አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። ረዳቱ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። በተገኘው ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሶዶ ተከተልኩት።

ረዳቱን ሶዶ መናኸሪያ ዕቃ ሲያወርድ አገኘሁት። «ይቅርታ ጋሼ፣ አረካ ወራጅ ስላልነበረ ሹፌሩ አልቆመም» አለኝ። ፖስታውስ? ጥግ ላይ ወደተቀመጡት ሊስትሮዎች በአገጩ ጠቆመኝ። ፖስታውን ከላይ የጫኑት ቡታጋዝ ቀዶታል። መጽሐፉን ልጆቹ በአንዱ ሣጥን ላይ ዘርግተው ተደፍተውበታል። የሚገልጠው ትልቁ ልጅ የቀለም እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ገጹን በጫፉ ብቻ እየያዘ ነው። እንግሊዝኛውን አያነቡትም፤ ግን ከአንዱ ሥዕል ወደሚቀጥለው ሳይሳሳቱ ይሄዳሉ፤ ማን ክፉ፣ ማን ደግ እንደሆነ ይከራከራሉ።

ኤንጀል ዘንዶውን ገደለው ወይስ ሞተ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ። ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ዘንዶውኮ ጓደኛው ነው!» አለኝ፤ ጣቱን የጫነበት ሥዕል ላይ ኤንጀል ዘንዶውን ጋልቦ ይበራል። እውነቱን ነው። ከተማው በሙሉ ወደ ሲኦል ወርዷል፣ ጋን ራሱ ቫምፓየር ሆኗል፣ ዌስሊ በመንፈስ ብቻ ይመላለሳል፤ ዘንዶው ግን ከማን ጎን መቆም እንዳለበት ገብቶት ወደ ኤንጀል ዞሯል። ገጹ እስኪያልቅ አብሬያቸው ቁጭ አልኩ፤ ጽሑፉን እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ወደ አረካ የሚመለሰው መኪናም አመለጠኝ።

ለአገራችን አንባቢም የኮሚክ ሥራ ተጀምሯል። ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት ልዩ ኃይል ሲያገኝ የሚተርከውን «ጀምበር»ን እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል፤ «ሐዊ»ም ተከትላለች። የእነዚያ ሊስትሮዎች ዓይን ግን በወላይትኛም የሚጽፍ፣ የሚሥል ሰው ይፈልጋል። አረካና ሶዶ ውስጥ በደብተራችሁ ጀርባ የምትሥሉ ልጆች፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቃድም ካሜራም አያስፈልጋችሁም። የመጀመሪያውን ቁጥር አውጡ፤ መጥቼ እገዛለሁ።