ባንክ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ

ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስነብበው ተርጉም አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሁለቱ ልጆች ባንክ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዱ ነበር» አልኩ። የሳቀ የለም። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ብቻ እጁን አወጣና «ዘበኛው ዝም አላቸው?» ሲል ጠየቀ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ወንዝ ሣሉ። ለካ የወንዝ ዳርም ባንክ ነው! ጨሞጋ ዳር እግሬን ስታጠብ ያደግሁት ሰውዬ ባንክ ቤት ኖሯል የከረምኩት።

ማታ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኛም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ሲያልፍ ካዩ እራታቸውን ይረሳሉ። ያነሡትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሱና «ፈረንጅም ኅብር ያውቃል?» አሉ። ወዲያው ፈቱት፦ «ሰሙ ውሃ፣ ወርቁ ብር። ሁለቱም አላፊ።»

ፍቺው ያምራል፤ ሥሩን ስቆፍረው ግን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የወንዙ ባንክ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ የአፈር ጉብታ ማለት ነው። የገንዘቡ በጣሊያን በኩል ዞሮ የመጣ ሲሆን «ባንኮ» አግዳሚ ወንበር ነው፤ መንዛሪዎች ገንዘባቸውን የሚዘረጉበት። ኪሳራን ጣሊያኖች «ባንካ ሮታ» አሉት፤ የተሰበረ አግዳሚ። ሁለቱ ባንኮች ወደ ላይ ሲቆጠሩ በአንድ ጥንታዊ የጀርመን ቋንቋዎች ሥር ይገናኛሉ። መጠጥ ቤት ክርናችንን የምናሳርፍበት ባንኮኒም የዚሁ አግዳሚ ዘመድ ነው። ከባንክ ወጥቶ ባንኮኒ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ከዘመድ ወደ ዘመድ ብር ማድረሱ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የኛው መደብ ነው። ከግድግዳ ጋር በጭቃ የሚሠራው መቀመጫ መደብ ነው። ጓሮ የጎመን ችግኝ የሚፈላበትም መደብ ነው። ሰዋስው ውስጥ ገብቶ አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ ሆኗል። ደርግ ሲመጣ ጭራሽ መታገል ጀመረ፤ የኔታ ጭቃው መደብ ላይ ተቀምጠው ስለ መደብ ትግል ከሬዲዮ ሰምተዋል። ፈረንጅ ከጉብታ ተነሥቶ ወንበር፣ ከወንበር ባንክ ሲደርስ፣ እኛ ከዚያው ጉብታ ጎመንና አብዮት አወጣን። ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያን ባንክ ሲከፍቱ ቃሉ እንዳለ ገባ እንጂ ቢተረጎም ኖሮ ዛሬ «ንግድ መደብ ወረፋ ላይ ነኝ» እንባባል ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ይህን ሁሉ ለየኔታ አስረዳኋቸው። ሂሳብ ይክፈቱ ብዬ ከለመንኳቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬስ በቃሉ ፍቅር ይሸነፉልኛል ብዬ ነበር።

«ታዲያ ሥሩ መደብ ነው ትለኛለህ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

ከተቀመጡበት ቁርበት ጫፍ ገለጥ አደረጉ። በጨርቅ የተቋጠረ ብር አለ።

«እኔም ያስቀመጥኩት እሱው ዘንድ ነው» ብለው ቁርበቱን መልሰው ተቀመጡበት።