ገባ ወይስ አልገባም?

ጋምቤላ ላይ ሆኜ ስለ ቴክኖሎጂ ልጻፍ የሚል ሰው አስቀድሞ ከፀሐይዋ ጋር መደራደር አለበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ብላ፣ ባሮን ተደግፋ የተቀመጠች ናት። የካቲትና መጋቢት ሲገቡ ሰው ብቻ ሳይሆን ስልክም ይዝላል። ባለ ብዙ ሺህ ብሩ ስልክ «ሙቀት በዝቶብኛል፤ እስክበርድ ታገሱኝ» ብሎ መስታወቱን ያጨልማል። ባለ ቁልፉ ስልክ ግን እዚሁ የተወለደ ይመስል ያለ ቅሬታ ይደውላል። በእኛ ገበያ እንግዲህ ስልክ በተወደደ ቁጥር ጥላ ይወዳል።

የኔ መተዳደሪያ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያለው ሰው በሠፈሩ ዘንድ ጠበቃም፣ መካሪም፣ የስልክ ሐኪምም ነው። ነጋዴው ማመልከቻ ሊያጽፍ ይመጣል፤ ማመልከቻው ሳያልቅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እስቲ ይሄ ደግሞ ምን እያለኝ ነው?» ይለኛል። ለአንዱ ያስረዳሁትን ለሌላው መድገም ሲሰለቸኝ፣ ለገበያው ሰው ቴክኖሎጂን የሚያስረዳ ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ እያተምኩ ከጎኔ ባለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ቆረጥኩ። «ስለ ዲጂታል ዓለም በወረቀት?» ብለው የሳቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ወረቀት ቻርጅ አያልቅበትም፣ ካርድ ሙላልኝ አይልም፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ይነበባል።

ርእሶቼንም ደርድሬ ነበር፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የመረጃ ደኅንነት፣ የኢንተርኔት ግብይት። ዝርዝሩን ለጎረቤቴ ለባለ ሸቀጥ ሱቁ ሽማግሌ አነበብኩላቸው። ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ላይ የሸበቱ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። ጨርሼ ዝም ስል፣

«ሁሉም ደግ ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን ያ ‹ገባ› የሚለው መልእክት ሳይመጣ፣ ዕቃውን ልስጥ ወይስ አልስጥ?»

ባጃጅ ነጂውን ጠየቅሁ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴውን ጠየቅሁ፣ ቡና የምታፈላዋን ልጅ ጠየቅሁ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጨነቀ አንድም አላገኘሁም። ሁሉም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ሲከተለው፣ ብሩ ከኪስ ወደ ስልክ መሰደድ ያዘ። በዚያው በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ይሸጥ ሲባል፣ ስልኩን ለ«ሃሎ፣ የት ነህ?» ብቻ ይዞት የነበረው ባጃጅ ነጂ ሳይወድ በግዱ ባለ ሚስጥር ቁጥር ሆነ። ሚስጥሩ ግን አልከረመም። ስልኩን ለአንድ ወጣት ይሰጥና «ክፈልልኝ» ይላል። ወጣቱ ቁጥሩን ሲጠይቀው፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ አንድ በአንድ እየለየ፣ ሠልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ይጠራለታል።

ሱቅ ውስጥ ያለው ትያትር ደግሞ ይብሳል። ገዢው አንድ ካርቶን ሳሙና አስጭኖ፣ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ «ልኬያለሁ» ይላል። ሻጩ የራሱን ስልክ ያያል፤ ምንም የለም።

«አልገባም።»

«ከኔ ወጥቷል እኮ!»

«ካንተማ ይውጣ። እኔ ዘንድ ነው ያልገባው።»

ከአንዱ ወጥቶ ከሌላው ያልደረሰ ገንዘብ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው በገበያችን የለም። በዚህ ጊዜ ሻጮች በሦስት ይከፈላሉ። አማኙ «ይሁን፣ ይገባል» ብሎ ዕቃውን ይሸኛል። ዳኛው የገዢውን ስልክ ተቀብሎ፣ የክፍያውን ምስል ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መርምሮ ብይን ይሰጣል። ሦስተኛው ለገዢው በርጩማ ያቀርብለታል፤ ሻይም ያዝለታል። መልእክቱ እስኪመጣ ሁለቱ ስለ ዶላር፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆች ትምህርት ይጫወታሉ። ፍጥነትን ያመጣልናል የተባለው ቴክኖሎጂ ለጋምቤላ ያመጣላት ትልቁ ነገር ረጅም ጨዋታ ነው።

ይህን ሁሉ የዘመናችን ጣጣ ማድረግ ግን ከተማዋን አለማወቅ ነው። ጋምቤላ ራሷ በቴክኖሎጂ ምክንያት የመጣች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭናሉ፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ። ታዲያ የሚመጡት ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው። ወንዙ ጎደለ ማለት ኔትወርክ የለም ማለት ነበር። ለመመለስ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ቡናውን በበቅሎ ከጎሬ ያወረደ ነጋዴ «ገባ ወይስ አልገባም?» የሚለውን በደቂቃ ሳይሆን በወራት ሲጠብቅ ኖሯል። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡ ንግድም እያደር ከሰመ። ገበያው ግን እነሆ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ሐሳቤን አስተካከልኩ። ለጋምቤላ ነጋዴ «አዲስ ነገር መጣልህ» ብሎ መጻፍ ማንም የሚችለው ነው። እሱ የሚፈልገው ያ አዲስ ነገር በመካከሉ ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ የሚነግረውን ነው። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ የወጣው ጽሑፌ በመርከቦቹ ታሪክ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ ወደ ምክሩ ይወርድ ነበር፦ በገዢው ስልክ ላይ ባለው ምስል አትመኑ፣ ምስል ይቀነባበራል። የራሳችሁን ቀሪ ሂሳብ እዩ። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሲግናል ካለ የቴሌብር ሂሳብ ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ በቁልፍ ስልክም ይታያል። «በስሕተት ገንዘብ ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ሰው ሲደውል ከመራራታችሁ በፊት ሂሳባችሁን ተመልከቱ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ ለኔም ቢሆን። የግብይቱን ቁጥር ዱቤ መመዝገቢያ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።

የመጨረሻዋ ምክር ባለ ሸቀጥ ሱቁን ጎረቤቴን ጋሼን በጣም ደስ አሰኘቻቸው። ደብተራቸው ጠርዙ ተበልቶ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ዛሬም ይሠራል። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተዛብቶ፣ ብዙ ሰዎች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡ ማደራቸውን አስታወስኳቸው። ባንኩ በኋላ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ ማድረጉንም ጨመርኩላቸው። ጋሼ ጥቂት አሰቡና፣

«ማሽንም ዱቤ ይሰጣል በለኛ» አሉ። «ልዩነታችን፣ እኔ ፎቶ አልለጥፍም።»

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ቋንቋ። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ገበያችን ግን በአኙዋክኛና በኑዌርኛም ይውላል። ቴሌብር ሲጀምር በአምስት ቋንቋዎች ይሠራ ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከውስጡ አልነበሩም። ስልኩ በአማርኛ ያወራል፣ የኔም ወረቀት በአማርኛ ያወራል፤ ዓሣ የሚሸጡት እናቶች ደግሞ ሁለታችንንም አሳልፈው ሥራቸውን ይሠራሉ። እናም አንድ አኙዋክ ተማሪ ለምኜ፣ ጽሑፉን በቋንቋቸው እንዲያነብላቸው ይዤው ወረድኩ።

እኔ በአማርኛ ሳነበው ሻይ የሚያስጨርሰው ገጽ፣ በልጁ አፍ ጉሮሮ ለመጥረግ በሚበቃ ጊዜ አለቀ። እናቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዷ ጠየቀች፣ እሱ መለሰ፣ በቃ።

«መርከቡንስ ነገርካቸው?» አልኩት።

«መርከቡን ያውቁታል» አለኝ። «ከአያቶቻቸው ሰምተውታል። ያላወቁት ሂሳብ ማየቱን ነበር።»

ደራሲነቴ ትንሽ ቢቆረቁረኝም፣ ለመጽናኛ አንድ ደህና ዓሣ መረጥኩና በስልኬ ከፈልኩ። ሻጯ ዓሣውን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ቁልፍ ስልኳን አወጣች። መልእክት አልመጣም። ሂሳቧን ልታይ ሞከረች፤ ሲግናሉም ጠፋ። ስልኬን ዘርግቼ «ይኸው፣ ወጥቷል» ብል ዞር ብላ አላየችውም። ዓሣው ከነጅራቱ ወደ ሣፋው ተመለሰ።

«ንገራት እንጂ» አልኩት ተማሪውን። «ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ነገራት። በእርጋታ ሰማችውና አንድ ዐረፍተ ነገር መለሰች። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው ተረጎመልኝ፦

«ታዲያ አንተው አይደለህ፣ ማንንም አትመኑ ያልከው?»