ስማርት ስልክን የማበላሻ መንገድ፦ በተገላቢጦሽ የተጻፈ ምክር

ስማርት ስልክ፣ ማለትም ኢንተርኔት የሚያስገኝና አፕ የሚባሉትን ልዩ ልዩ መተግበሪያዎች የሚሸከም ስልክ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ በምትገኘው የማቻከል ወረዳ ከተማ በአማኑኤል ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ ሣጥንም ሆኗል፤ ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጤፍ ሽያጭ ብርና ከሩቅ ልጅ የሚላክ ድጎማ የሚያድረው በዚያው ዕቃ ውስጥ ነው። ስልክ ሲበላሽ አብሮት የሚጠፋው ብዙ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ምክሩ ተገልብጦ ቀርቧል፤ ስልኩን፣ ገንዘቡንና የልጆቹን ፎቶ በአንድነት ሊያጣ የሚሻ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበትና ያደረገው ነገር በስልኩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይገለጻል።

ጥፋት ፈላጊ ባለስልክ አዲሱን ስልክ ከነካርቶኑ ለሻጩ ያስረክብና ‹ኢሜይል ክፈትልኝ› ብሎ ወንበር ይዞ ይቀመጥ። ኢሜይል እየተባለ የሚጠራው የጉግል መለያ፣ አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት ለሚሠራ ስልክ የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው። ሻጩ ሌላ ደንበኛ ቆሞ ስለሚጠብቀው ስሙን አሳጥሮ፣ ከኋላው ቁጥር ደርድሮ፣ የትውልድ ዘመኑን ከራሱ ፈጥሮ፣ ለራሱ የቀለለውን የይለፍ ቃል ሰጥቶ ይጨርሳል፤ ባለስልኩም ምንም ሳይጠይቅ፣ ምንም ሳያስጽፍ ወደ ቤቱ ይሂድ። ከወራት በኋላ ሕፃን ሲነካካው ፓተርኑ፣ ማለትም በጣት የሚሳለው መክፈቻ፣ ይጠፋበታል፤ ስልኩ ጥገና ቤት ይወሰድና ‹ፎርማት› ይደረጋል፣ ይኸውም በውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር በመጣው ጥበቃ ምክንያት፣ ተቆልፎ ሳለ በግድ የተጠረገ ስልክ ሲነሣ የቀድሞውን መለያና የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል። ጥበቃው የታሰበው ለሌባ ነው፤ ደጅ የሚቀረው ግን ላቡን አፍስሶ ስልኩን የገዛው ሰው ነው፣ ይህም በእጅጉ ያሳዝናል። ሻጩን በክፋት መክሰስ አይገባም፤ አድራሻውን፣ የይለፍ ቃሉንና የተጻፈውን የትውልድ ቀን በወረቀት አስጽፎ ከቤት ካርታ ጋር ያስቀመጠ ሰው ግን ይህን መከራ አያየውም።

ከዚህ ይልቅ ረቂቅ የሆነው መንገድ በሰዓት በኩል የሚገባው ነው። የኢትዮጵያ ሰው ቀኑን ከንጋት ስለሚቆጥር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ 8፡00 ሲለው ይቆረቁረዋል፤ ዘመኑንም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ ሲያገኘው እንግዳ ይሆንበታል። እንግዲህ ስልኩን ሊያሳብድ የፈለገ ወደ ቅንብሩ ገብቶ ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲስተካከል የሚያዘውን ቁልፍ ያጥፋ፣ 8፡00 የነበረውን 2፡00 ያድርግ፣ ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። ስልክ ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ የኮምፒዩተሩን ማንነት የሚያረጋግጠው የደኅንነት ሰርተፍኬት በሚባል ዲጂታል የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ተጽፏል፤ ዘመኑ ወደ ኋላ የተመለሰበት ስልክ ይህን ወረቀት ሲያነብ ቀኑ ገና ያልደረሰ ሆኖ ስለሚያገኘው ግንኙነቱን ይዘጋል። ዋትስአፕ ቀኑ የተሳሳተ መሆኑን ይናገራል፣ ፕሌይ ስቶር እንቢ ይላል፣ ሌላው አፕ ደግሞ ምክንያቱን ሳይገልጽ ይዞራል ይዞራል። ባለስልኩ ኔትወርክ ነው ብሎ ጥቅል ይገዛል፣ ሲሙን አውጥቶ በነጠላው ጫፍ ይወለውላል፣ በመጨረሻም ስልኩን ፎርማት ያስደርጋል። ፎርማት የተደረገ ስልክ ሰዓቱን እንደገና ከኔትወርክ ስለሚወስድ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ፈውሱ ፎርማቱ መስሎት ደስ ብሎት የገባው ሰው ማታ ሰዓቱን ወደ 2፡00 ይመልሰዋል፣ ፎቶዎቹም በከንቱ ጠፍተው ይቀራሉ።

በአባቶቹ ሰዓት ሊኖር መፈለግ ስሕተት አይደለም፤ ጉድለቱ ስልኩ ለሌላ አቆጣጠር ተሠርቶ መምጣቱ ነው። ስልኩ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት የሚቀድመውን የምሥራቅ አፍሪካ የሰዓት ክልል ትቶ በሦስት ሰዓት የሚዘገየውን የቦነስ አይረስን ክልል ቢይዝ ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ስለሚሆን ማያው ላይ 2፡00 ይነበባል፣ ውስጣዊው ሰዓት ግን አይዛባም፤ ልብ ሊባል የሚገባው ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ዘመኑን ለማየት ደግሞ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ አፕ መጫን ይበቃል።

ከአሮጌ ስልክ ወደ አዲስ በሚዛወርበት ጊዜ ሁሉን ሊያጣ የሚሻ ሰው፣ ቁጥሮቹን በሙሉ ሲም ካርዱ ላይ ገልብጦ አሮጌውን በዚያው ቀን ጠርጎ ይሽጥ። ሲም ለአንድ ስም የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ እጥፍ ቦታ ስለሚወስድ (አጭር መልእክት በላቲን 160፣ በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ የሚይዘውም ስለዚሁ ነው) ‹ወለተ ማርያም የደምበጫዋ› እና ‹ወለተ ማርያም የአማኑኤሏ› ሁለቱም ‹ወለተ ማር› ሆነው ይቀራሉ። ቴሌግራምም የመግቢያውን ኮድ በቅድሚያ የሚልከው ተከፍቶ ወደሚገኘው የቀድሞው ቴሌግራም ስለሆነ፣ አሮጌው ስልክ ከተጠረገ ኮዱ ማንም ሊያነበው ወደማይችልበት ሊላክ ይችላል። ቁጥሮች በጉግል መለያ ቢቀመጡ፣ አሮጌውም ስልክ አዲሱ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ባይጠረግ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

አፕ ከማንም እጅ መቀበልም ወደ ጥፋት ያደርሳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በመቆየቱ ሰው አፕን ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና ዜንደር በሚባል የፋይል ማስተላለፊያ አፕ ቢቀባበል አይፈረድበትም፤ ሌላ በር አልነበረውም። መስመሩ በተመለሰበት ስፍራ ሁሉ ግን የማይታወቅ ፋይል ጭኖ አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ መስጠት፣ ባንክ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማያውቁት ሰው ማንበብ ነው። ጂቢ ዋትስአፕን የመሰለ የተለወጠ ቅጂ የሚጠቀም ሰውም ከዋትስአፕ ሊታገድ ይችላል።

ገንዘቡን በፍጥነት ሊያስረክብ የሚሻ ደግሞ ‹በስሕተት ብር ገብቶልሃል፣ መልስልኝ› የሚል ጥሪ ሲመጣለት ሒሳቡን ሳያይ፣ የደረሰውን መልእክት ብቻ አምኖ ይላክ። ማንም ሰው የቴሌብርን አነጋገር አስመስሎ መጻፍ ይችላል፤ በሒሳቡ ላይ የሌለውን ብር ግን ሊያስገባ አይችልም፣ ስለዚህ *127# ደውሎ ቀሪውን የተመለከተ ሰው አይሸወድም።

ባትሪውን በተመለከተ መንገዱ አጭር ነው፤ ተቋርጦ የነበረው መብራት ማታ ሲመጣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ከትራስ ሥር ማሳደር ይበቃል። ሊቲየም አዮን የተባለው የባትሪ ዓይነት ሙቀት ያስረጀዋል፣ ሲያረጅም በውስጡ ጋዝ እየፈጠረ ያብጣል። የጀርባው ክዳን ከወገቡ ተነሥቶ የታየ ስልክ ባትሪው ያበጠ ነውና በመርፌ ሳይበሳና በጣት ሳይጫን ይጥፋ፣ ቻርጅም አይደረግ፣ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል በዚያው ሌሊት ይውጣ።