«ዌልካም» ብሎ ደጅ የሚያስጠና

ድሮ ደጅ የሚያስጠናው ሰው ነበር። ሰው ደግሞ ቢያንስ «ነገ ተመለስ» ብሎ ይቆርጥልሃል። ይኼ ኮምፒውተር ተብዬ ግን «ዌልካም» ብሎ በክብር ከተቀበለህ በኋላ ያቺን ክብ ነገር እያሽከረከረ ሜዳ ላይ ይጥልሃል። ባለጉዳዩ በመስኮቱ እኔን ያያል፤ እኔ ክቧን አያለሁ። ያዘዝኩት ቡና መጥቶ፣ ተጠጥቶ፣ ስኒው ተነሥቶ ክቧ አሁንም ትዞራለች። «ጋሼ፣ አልገቡም እንዴ?» ይሉኛል። የት ልግባ!

አሮጌ ቢሆን እኮ አይከፋኝም ነበር፤ አሮጌ ለአሮጌ እንተዛዘናለን። ይኼ ግን ከነፕላስቲኩ ከካርቶን የወጣ አዲስ ነው። የወሰዱብኝ ባለ ዊንዶውስ 7 ሽማግሌ፣ ፓስወርዱን መትቼ ኮቴን ሰቅዬ ስመለስ ቁልጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአይቲ ልጆች አንዱን ኮምፒውተር ዊንዶውሱንም፣ ኦፊሱንም፣ አንቲቫይረሱንም ጭነው ካሰናዱ በኋላ ኢሜጅ የሚሉትን ሙሉ ግልባጩን ወስደው በቀሩት ሁሉ ላይ ይገለብጡታል። ጊዜ ይቆጥባል፣ አልክድም። ግን የብራና ጸሐፊ አንዴ የሳተውን ቃል፣ ከእሱ የሚገለብጥ ሁሉ አብሮ ይስታል። የእኛም ቢሮ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን አዲስ፣ በአንድ ቀን ቀርፋፋ ሆኑ።

አቤት ስንል መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ፎርማት እናድርገው።» በምን ሊሞሉት? በዚያው ግልባጭ! ከዚያ የአይቲው ልጅ በራሱ የአድሚን ስም ይገባና በቅጽበት ይከፈትለታል። «ይኸው ጋሼ፣ ፈጣን ነው እኮ!» ይፈጥናላ! የአንተ ስም እዚያው ማሽኑ ላይ የተመዘገበ ነው፤ ሰርቨር አይጠይቅ፣ የጋራ ፎልደር አይጎትት። አገር ምድሩን የሚያዞረው የእኔ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ዝምተኛ ልጅ መጣች። ፎርማት አላለችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ «ዌልካም» የሚለውን ሽፋን ገልጣ፣ ዊንዶውስ በየደረጃው የሚሠራውን እየጻፈ እንዲያሳይ አደረገችው፤ ለካ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ኖሯል። ቀጥላ ኢቨንት ቪውወር የሚባለውን መዝገብ ከፈተች። 6005 ቁጥር «እየዘገየ ነው» ይላል፤ 6006 ደግሞ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይናገራል። ማሽኑ ጥፋቱን ሲመዘግብ ከርሟል፤ የጠፋው የሚያነብለት ነው!

ምን ተገኘ መሰላችሁ? ድራይቭ ዜድ ከተነቀለ ከቆየ ሰርቨር ጋር ታስሮ፣ በገባሁ ቁጥር ማሽኑ የሞተውን ይጠራል። ማሽኑ የሌሎችን አድራሻ የሚጠይቅበት ዲኤንኤስ የሚሉት በእጅ 8.8.8.8 ተብሎ ተጽፏል፤ የጎግል ነው። ጎግል ብዙ ያውቃል፤ የእኛን ቢሮ ዶሜን ሰርቨር ግን ከየት ያውቀዋል? ማሽኑ በዚያ በኩል ሲያጣው በኔትወርኩ ላይ እየጮኸ ሲፈልገው ይቆያል። በዚያ ላይ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ዊንዶውስ ፕሮፋይል ሲሠራለት ከግልባጩ ጋር የመጡትን መተግበሪያዎች አንድ በአንድ ያሰናዳለታል፤ ኤክስቦክስ የሚሉትን የጨዋታ መተግበሪያ ጨምሮ። እንደ እኔ ላለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኤክስቦክስ ምን ሊያደርግለት! እኔ ደግሞ ፎርማት በተደረገ ቁጥር አዲስ ሰው ነኝ።

ልጅቷ የሞተውን ድራይቭ አጠፋች፣ ዲኤንኤሱን ወደ ቢሮው ሰርቨር መለሰች፣ ትርፉን አራገፈች። ይህን ሁሉ ያደረገችው በእኔ ማሽን ላይ ሳይሆን ግልባጩ በተወሰደበት በዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሲስፕሬፕ በሚባል መሣሪያ አዘጋጅታ ግልባጩን እንደ አዲስ ወሰደች። ከዚያም ከዚህ በፊት ገብቶ በማያውቅ ተራ ሠራተኛ ስም ሞከረችው። እናንተ የአይቲ ልጆች፣ እባካችሁ ግልባጩን ከማደላችሁ በፊት እንደሷ በእኛ ስም አንዴ ግቡበት።

የላይኛው ፎቅ ኮምፒውተሮች ገና በድሮው ግልባጭ ናቸው። እዚያ ጉዳይ ያላችሁ ማልዳችሁ ሂዱ።