ባሕሩ ሄዶ ቢራው የቀረባት ከተማ

ሄልስተን በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በኮርንዋል ምድር፣ የወደብ ከተማ ነበረች። «ነበረች» የተባለው ከተማዋ ጠፍታ አይደለም፤ የጠፋው ባሕሩ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግድም የኮበር ወንዝ ወደ ባሕር የሚፈስበትን አፍ የጠጠርና የአሸዋ ቁልል ደፈነው። መርከብ ይመላለስበት የነበረው ሰርጥ ሎ ፑል የሚባል ጨው አልባ ሐይቅ ሆነ፤ ቁልሉም ሎ ባር ተባለ። ጠጠሩን ያመጣው የባሕር ሞገድ ነው። የአገሩ አፈ ታሪክ ግን ጥፋቱን የሚጥለው በአንድ ጨካኝ የሕግ ሰው ላይ ነው። ጃን ትሬጊግል የሚባለው ይህ ሰው ከሞተ በኋላ ነፍሱ ማለቂያ የሌለው ሥራ ተፈረደባት ይባላል፤ ስትኳትንም የተሸከመችውን የአሸዋ ከረጢት እወንዙ አፍ ላይ ጣለችው። ሞገድን ከመክሰስ የሕግ ሰውን ማማት የቀለለው ለኮርንዋል ሰዎች ብቻ አይመስልም።

ሐይቁ ሞልቶ የከተማዋን ቆላማ ሰፈር ሲያሰጋ ቁልሉን መቅደድ ግድ ነበር። በጥንቱ ልማድ ከንቲባው የመሬቱን ጌታ የሚያስፈቅደው ሁለት የቆዳ ቦርሳ እጅ መንሻ ይዞ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦርሳ ውስጥ አንድ ፔኒ ተኩል። ፈቃዱ ርካሽ ነበር፣ ጉድጓዱም የሚቆየው በዋጋው ልክ ነው፤ ሞገዱ ተመልሶ ይደፍነዋል።

ከባሕሩ በኋላ የሄደው ብዙ ነው። ሄልስተን እ.ኤ.አ. በ1201 ከንጉሥ ጆን የከተማነት መብት ያገኘች፣ የኮርንዋል ቆርቆሮ ማዕድን ጥራቱ የሚፈተሽባትና ግብሩ የሚከፈልባት ከተማ ነበረች፤ ያም ሥራ ቀረ። በ1887 የገባው ባቡር በ1962 መንገደኛ መጫን አቆመ። የባሕር ኃይሉ ብቻ ነገሩን ገልብጦ ባሕሩ ከሄደ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ መጣ። ከከተማዋ አጠገብ ያለው የካልድሮዝ የሄሊኮፕተር ጣቢያ በ1947 ሲከፈት በባሕር ኃይሉ ወግ መሠረት የመርከብ ስም ወጣለት፤ «ሲሆክ» ተባለ። ስለዚህ ሄልስተን ዛሬ ባሕር የሌላት ወደብ፣ ከመሬት ንቅንቅ የማትል መርከብ ባለቤት ናት። መልሕቋም አልጠፋም። ኮይኔጅሆል በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ፣ በአንድ የሣር ክዳን ቤት ምልክት ላይ ተሥሎ ይገኛል።

ቤቱ «ብሉ አንከር» ይባላል፤ ሰማያዊ መልሕቅ ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመነኮሳት ማረፊያ እንደነበር ይነገራል። የሚሸጠውን ቢራ ከጓሮው ራሱ ይጠምቃል፣ ውኃውንም ከራሱ ጉድጓድ ይቀዳል። ቢራው «ስፒንጎ» ይባላል።

እዚህ ቤት ለመድረስ ከለንደን በባቡር እስከ ሬድሩት፣ ከሬድሩት ደግሞ በአውቶቡስ መሄድ ነው፤ ቀኑ ይገባደዳል። በአንድ የሰኔ ቅዳሜ ይህን መንገድ የፈጸሙት ሁለት ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንዱ ለንደን የከረመ ወጣት ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ የመጡ አጎቱ ናቸው፤ ዋና ፍላጎታቸውም ባሕር ማየት ነበር።

«ባሕሩ የታለ?» አሉ አጎትየው ከአውቶቡሱ ወርደው ዙሪያውን ከቃኙ በኋላ።

«ተዘግቷል፣ ጋሼ።»

«ማን ዘጋው?»

«ጠጠር።»

ወደብ ማጣትን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግምና ነገሩ በዚህ ታለፈ። ፖርትሌቨን የምትባለው እውነተኛ የባሕር ዳር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ነበር፤ ነገር ግን ጋሼ መንገድ በቃኝ ብለው ወደ መልሕቁ አመሩ።

በሩ ወደ ጠባብ መተላለፊያ ያስገባል፤ በግራና በቀኝ ትናንሽ ክፍሎች አሉ፣ ወለሉ የጊዜ ብዛት ያለሰለሰው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ጋሼ የመነኮሳቱን ነገር ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያም ጥሩ ወንበር መርጠው ተቀመጡና አስተናጋጅ ለመጥራት ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ።

በአዲስ አበባ መጠጥ ቤት ይህ ድምፅ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በእንግሊዝ መጠጥ ቤት ግን ማንም ወደ ጠረጴዛ አይመጣም፤ ጠጪው ራሱ ወደ ባንኮኒው ሄዶ ያዛል፣ እዚያው ይከፍላል፣ ብርጭቆውንም ተሸክሞ ይመለሳል። ስለዚህ የጭብጨባው ምክንያት ለቤቱ ሰው አልገባውም። ጥግ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የሚመሰገን ሰው ያለ መስሏቸው ይሆናል፣ በትሕትና አብረው አጨበጨቡ። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ሰልፍ የለም፤ ሰው ዝም ብሎ ተደርድሮ ይቆማል። ሆኖም ከማን በኋላ ማን እንደመጣ ሁሉም በልቡ ይዟል። ተራ የዘለለ ሰው አይሰደብም፤ ይታያል፣ እሱ ይበልጥ ይከብዳል።

ልኩ ፓይንት ነው፤ 568 ሚሊ ሊትር። ከበርሜል የሚቀዳ ቢራ በሕግ በተወሰነ ልክ ብቻ ስለሚሸጥ «ትንሽ ጨምሪበት» የሚባል ድርድር የለም፤ አረፋው በዝቶ ፈሳሹን ሲያጎድልበት ግን እንግዳው እንዲሞላለት ቢጠይቅ ነውር አይደለም። ወጣቱ ሁለት ፓይንት «ስፒንጎ ሚድል» ይዞ ተመለሰ። መልኩ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ የአልኮል መጠኑ አምስት በመቶ ያህል ነው። ጋሼ ብርጭቆውን ነክተው እጃቸውን መለሱ።

«ይኼ ኖርማል ነው። ቀዝቃዛ አልነበራቸውም?»

የአዲስ አበባ አስተናጋጆች የዘወትር ጥያቄ፣ «ቀዝቃዛ ነው ኖርማል?» የሚለው፣ ኤል ለሚባለው ለዚህ ዓይነቱ የእንግሊዝ ቢራ የሚስማማ መልስ የለውም። ኤል የሚቀርበው በምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው፤ ከ11 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው መካከል። ምክንያቱም ቢራው በበርሜሉ ውስጥ ገና ሕያው ነው። በሙቀት አልተቀቀለም፣ እርሾው አልተጣራም፣ ጋዝም ከውጭ አይገባበትም፤ ጥቂት አረፋ የሚሰጠው እዚያው በርሜል ውስጥ የሚቀጥለው መፍላት ነው። ከመጠን በላይ ቢቀዘቅዝ ጣዕሙ ይሸሻል፣ ቢሞቅ ይበላሻል። ከተከፈተም በኋላ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ ቶሎ መጠጣት ያለበት መጠጥ ነው፤ ጠጪዎቹ ይህን ግዴታ ሲወጡ ቅሬታ አያሰሙም።

ጋሼ አንዴ ከተጎነጩ በኋላ ፊታቸው ተለወጠ። ይህ የእማማ ጠላ ነው አሉ፣ ወይራ ያልታጠነበት። ግምታቸው ከእውነት ብዙም አልራቀም። ኤልም ጠላም መነሻቸው ብቅል ነው። የእንግሊዙ ጠማቂ የተፈጨውን የገብስ ብቅል 65 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዝፈዋል፤ ያን ጊዜ የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ጣፋጩን ፈሳሽ አጥልሎ ከሆፕስ ጋር ያፈላዋል። ሆፕስ የሚሠራው ጌሾ የሚሠራውን ነው፤ ያመርራል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። ከዚያ ቀዝቅዞ እርሾ ይገባበትና ለቀናት ይፈላል። ጠላ ጠማቂ ይህን ሁሉ ስትሰማ የምትደነቀው በመፍላቱ ሳይሆን በእንኩሮው መቅረት ይሆናል። ታሪካቸውም አንድ ቦታ ይገናኛል፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ለጎረቤት የሚሸጠውን ኤል በየቤታቸው ይጠምቁ የነበሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። ያኔ መጠጡ ሆፕስ አልነበረውም፤ ሆፕስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ እስኪለመድ ድረስ ብዙ ታምቷል።

ችግር የመጣው ወጣቱ ዕውቀቱን ማቋረጥ ስላልቻለ ነው። ብዙ የእንግሊዝ ጠማቂዎች፣ አለ፣ ኤሉን የሚያጠሩት ከዓሣ ሆድ ዕቃ በወጣ የአየር ከረጢት ነው። ከረጢቱ ደርቆ ይሟሟና በርሜሉ ውስጥ ይጨመራል፤ እርሾውን ሰብስቦ ወደ ታች ያወርደዋል።

ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጡ። የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ራሱ ከብሉ አንከር ጣሪያ ያረጀ ነው፤ የተጠጣ ዓሣ ደግሞ በየትኛውም ወገን አልተነሳም። በርግጥ ዝቃጩ በርሜሉ ሥር ይቀራል እንጂ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም፤ ይህን ዘዴ ትተው ያላጠሩትን ወይም በሌላ መንገድ የጠራውን የሚሸጡ ጠማቂዎችም ዛሬ በርክተዋል።

«እዚህ ቤት እንዴት እንደሆነ ልጠይቅልዎ?» አለ ወጣቱ ሊነሳ እያለ።

«ተቀመጥ!» አሉ ጋሼ። «ያልሰሙት ነገር አያስገድፍም።»

ሁለተኛው ፓይንት ሲመጣ አጨብጫቢው ሽማግሌ ከጓደኛቸው ጋር ተጠግተው ተቀምጠዋል፤ ጨዋታው ወደ ድሮ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1830 የወጣው የቢራ ቤት ሕግ ግብር ከፋይ የሆነ ሁሉ ሁለት ፓውንድ ከሁለት ሽልንግ ከፍሎ ቢራ ጠምቆ እንዲሸጥ ይፈቅድ ነበር፤ የራሱን የሚጠምቅ መጠጥ ቤት በየመንደሩ ሞላ። ቀጥሎ ትላልቅ ፋብሪካዎች መጠጥ ቤቶቹን እየገዙ የራሳቸውን ቢራ ብቻ አስገቡባቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ ሁሉ የቀሩት አራት ናቸው፤ ሦስቱ መሐል አገር፣ አራተኛው ይህ ቤት። በ1971 አራት ወጣት እንግሊዛውያን ለሽርሽር አየርላንድ ሄደው በአገራቸው ቢራ መበላሸት ሲማረሩ «ካምራ» የሚባለውን የኤል ተሟጋች ማኅበር መሠረቱ። በ2002 ደግሞ መንግሥት ለትናንሽ ጠማቂዎች የቢራ ቀረጥ ቀነሰ። የጓሮ ጥመቃ ዳግመኛ ያንሰራራው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ሄልስተን ግን ማንሰራራት አላስፈለጋትም፤ አላቋረጠችምና። ዛሬ ይህን ቤት ለማየት ብዙ ሰው አገር አቋርጦ ይመጣል። ጠላ ቤት ለማየት ሰንዳፋ ድረስ የሄደ ቱሪስት ስንት እንደሆነ ጋሼ ለማሰብ ሞከሩና ተዉት።

ቀጣዩን የመግዛት ሰዓት ሲደርስ ሁለት ባህል ተጋጨ። የእንግሊዝ ጠጪ በተራ ይገዛል፤ አንዱ ለሁሉም፣ ቀጥሎ ሌላው ለሁሉም። ተራው ደርሶበት ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ስሙ ለዓመታት ይነሳል። ጋሼ ግን «እኔ እያለሁ!» ብለው ሁሉንም ተራ ሊወስዱ ተነሱ። ሽማግሌዎቹ አልተደሰቱም። የሰውን ተራ መንጠቅ እዚያ ቸርነት ሆኖ አይታይም፤ ዕዳ ማሸከም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜማ ነገሩ ሕግ መተላለፍ ይሆን ነበር። በ1915 የእንግሊዝ መንግሥት ስካር የመሣሪያ ፋብሪካዎችን ሥራ እንዳያውክ ብሎ ብዙ ቦታ ላይ መጋባበዝን ከለከለ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚጠጣውን ለራሱ ብቻ እንዲገዛ ታዘዘ። ጋሼ ይህን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙ። ዘውድ የጫነ መንግሥት እንዲህ ዓይነት ነገር በአዋጅ ያወጣል ብለው አስበው አያውቁም። እፊታቸው የነበረው «ሚድል» ራሱ የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ በ1919 ከጦር ሜዳ ለተመለሱ የሄልስተን ልጆች መቀበያ የተጠመቀ ነው ይባላል።

ከ«ሚድል» በላይ «ስፔሻል» አለ፤ 6.6 በመቶ። ጣፋጭነቱ ኃይሉን ይደብቃልና ሽማግሌዎቹ እንግዳ ሰው በግማሽ ፓይንት ቢጀምር ጥሩ ነው አሉ። ጋሼ ምክሩን ተቀብለው ግማሽ አዘዙ፤ ቀጥሎ ሌላ ግማሽ። ሒሳቡ ያው አንድ ሙሉ መሆኑን ያነሳ የለም።

ቤቱ በጣም የሚጨናነቀው እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን በሚውለው የፍሎራ በዓል ነው። ቀኑ እሑድ ወይም ሰኞ ሲሆን ከዚያ በፊት ወዳለው ቅዳሜ ይሳባል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከተማው በነሐስ ሙዚቃ ይጨፍራል። በቀትሩ ጭፈራ ወንዶቹ ረጅም ባርኔጣ፣ ሴቶቹ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ጥንድ ጥንድ ሆነው በየሱቁና በየቤቱ በአንድ በር ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ጋሼ በጣታቸው ቆጥረው ዕለቱ ሚያዝያ 30፣ የልደታ ዋዜማ መሆኑን አገኙ፤ ለሚመጣው ዓመት ንፍሮ ይዤ እመጣለሁ ብለውም ለሽማግሌዎቹ ቃል ገቡ። ንፍሮ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሌላ ግማሽ ፓይንት ፈጀ።

ከዚያ ደወል ተደወለ። የመጀመሪያው ደወል የመጨረሻውን ትእዛዝ ይጠራል፤ ሁለተኛው ሽያጩ መዘጋቱን ያውጃል። ጋሼ ሁለተኛውን ሲሰሙ ለአንድ የመጨረሻ ግማሽ ተነሱ፤ ባንኮኒው ተዘግቷል። ለመኑ፣ በአገራቸው እንግዳን እንዲህ አድርጎ የሚሸኝ ቤት እንደሌለ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስረዱ፤ አልሆነም። ሽማግሌዎቹም በገዛ ቤታቸው ከዚህ ደወል ምሕረት አግኝተው እንደማያውቁ ነገሯቸውና አራቱም አብረው ወጡ።