ከአጥሩ ወዲህ ለሚቀመጥ ወላጅ

ከዩኒቨርሲቲው የቤዝቦል ቡድን ለልጅዎ የመጣውን ኢሜይል መጀመሪያ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። «አሰልጣኞቻችን በመጪው ካምፕ ላይ በአካል ሊያዩህ ይወዳሉ» ይላል። ትሕትናው ልብ ይነካል፤ የመክፈያው ሊንክም ከሥሩ አለ። እባክዎን በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ አይደውሉ። «ዩኒቨርሲቲ ጠራው» የምትል ወሬ ቦሌ ስትደርስ ያለቀላት ጉዳይ ትሆናለች። አክስቶች እልል ይላሉ፤ ስለት ያለበት ስለቱን ያስገባል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተከፍሎ የሚገባበት የቅዳሜና እሑድ ልምምድ መሆኑን ማስረዳት የእርስዎ ዕዳ ነው።

የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ባወጣው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ካምፕ ለመጣ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት። ትምህርት ቤቱ ተመዝጋቢ መገደብ የሚችለው በቁጥር፣ በዕድሜ፣ በክፍልና በጾታ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ተመርጧል። የጎረቤትዎም ልጅ ተመርጧል። ኢሜይል ያለው ሁሉ ተመርጧል።

ይህን ካወቁ በኋላ ይክፈሉ። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማወቅም ልብ ያሳርፋል፤ ካምፕ ለአሰልጣኞች ተጨማሪ ገቢ ነው። እስከ 2023 ድረስ የኤንሲኤኤ ከፍተኛ ምድብ በሆነው በዲቪዥን አንድ ቡድኖች ውስጥ አንደኛው ረዳት አሰልጣኝ «በጎ ፈቃደኛ» እየተባለ ከትምህርት ቤቱ ደሞዝ ሳይቀበል ይሠራ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራዩ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ካምፕ ነበር። እኛ ለእድር፣ ለዕቁብ፣ ለሠርግና ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ስናዋጣ የኖርን ሰዎች ነን። ኮፍያ ለደፋ አንድ ጎልማሳ ብናዋጣ ምን ይለናል?

አሌክሳንድሪያም ይኑሩ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሐምሌ ፀሐይ እንደማይምር ያውቃሉና ታጣፊ ወንበር፣ ዣንጥላና ውሃ ይያዙ። ምሳን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመቺው ጀርባ የተከፈተ የዶሮ ወጥ ዕቃ 120 ሜትር ርቆ የቆመውን ልጅ አንገት ያዞራል፤ ያ ልጅ ኳሱን ከሳተ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ዳቦና ሙዝ ይበቃል። ቆሎ ግን ይያዙ፤ ሜዳው ላይ ሁሉም የሱፍ አበባ ፍሬ እየቆረጠመ ልጣጩን ስለሚተፋ የሚታዘብዎት የለም። የልጅዎን ሻንጣ ደግሞ አይሸከሙለት። አሰልጣኞች ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ ሻንጣውን ማን እንደሚሸከም ያያሉ ይባላል። እናት ከሆኑ ይህ እንደሚከብድዎት ይገባኛል፤ ቢሆንም እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ይሂዱ።

የመጀመሪያው ፈተና ብዙውን ጊዜ ሩጫ ነው፤ 60 ያርድ፣ 55 ሜትር ገደማ። ከ5 ሺህ ሜትር በታች ያለውን ሁሉ ማሟሟቂያ ብሎ ለሚቆጥር ሕዝብ ይህች ርቀት ኢምንት ናት፤ አይናቋት። ከ7 ሴኮንድ በታች የገባ ልጅ ስሙ ይጻፋል። 7.4 የገባም ስሙ ይጻፋል፤ ከዚያ ገጹ ይገለጣል። ኃይሌም በ2000 ሲድኒ ላይ ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሴኮንድ ነው፤ እርሱ ግን ጉዳዩን የሚጨርስበት 10 ሺህ ሜትር ተሰጥቶት ነበር።

ከሩጫው ይልቅ የሚያስፈራው የአጠገብዎ ወላጆች ጥያቄ ነው። ከየት እንደመጡ ይጠይቁዎታል፤ «ኢትዮጵያ» ሲሉ ፊታቸው ይበራል። «አሃ! ሯጮቹ!» ይሉና ሁሉም ዓይን ወደ ልጅዎ ይዞራል። ልጅዎም ልክ በዚያች ቅጽበት 7.9 ይገባል። ለዚህ የሚሆን መልስ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ «ካቸር ነው» ይበሉ። ካቸር ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልበው ነው፤ በዝግታው የሚወቅሰው የለም። እርሱን የሚለኩት በሌላ ነው። ኳሱ ጓንቱን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ 39 ሜትር ያህል ተወርውሮ ሁለተኛው ቤዝ እስኪደርስ 2 ሴኮንድ ቢፈጅበት ጥሩ ይባላል። ልጅዎ ካቸር ባይሆንም እንዲሁ ይበሉ፤ ጓንቱን አይተው እስኪነቁ ድረስ ጊዜ ያገኛሉ።

ከእርስዎ ሁለት ረድፍ በላይ የራሱን ራዳር ይዞ የመጣ አባት ይኖራል። የሌለበት ካምፕ የለም። ወርዋሪው እጁን ባነሣ ቁጥር መሣሪያውን ደቅኖ «82… 84…» እያለ ሳይጠየቅ ይቆጥራል። ቁጥሩ ማይል በሰዓት ነው፤ ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18 ሜትር ከግማሽ ስላልሞላ፣ በ90 የተወረወረ ኳስ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። ይህ አባት ልጁ በ13 ዓመቱ ስንት ይወረውር እንደነበር፣ ትከሻውን ማን እንዳሸው፣ የትኛው አሰልጣኝ ሰላም እንዳለውና የትኛው እንዳላለው ይነግርዎታል። «ዋው» ይበሉ። ቁጥሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ ባያውቁትም «ዋው» አይከሽፍም።

ስለ ስኮላርሺፕ የሚያስረዳዎትም እርሱ ነው፤ በዚህ ላይ ያዳምጡት። አንድ የዲቪዥን አንድ ቤዝቦል ቡድን ለብዙ ዓመታት የተፈቀደለት 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ ያንን እስከ 27 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ይቆራርሰው ነበር። ኤንሲኤኤ ከከሰሱት ተጫዋቾች ጋር ያደረገው የፍርድ ቤት ስምምነት በ2025 ከጸደቀ ወዲህ፣ ስምምነቱን የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች 34 ተጫዋች ብቻ ይይዛሉ፤ የስኮላርሺፑ ገደብ ግን ተነሥቶላቸዋል። ተነሣ ማለት ይሰጣሉ ማለት አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ይሰጣል። ዲቪዥን ሦስት ደግሞ በስፖርት ስም አንድ ሳንቲም አይሰጥም፤ እርዳታው በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ነው። እንግዲህ «መጀመሪያ ትምህርት!» እያሉ ሲጨቀጭቁት የኖሩት እርስዎ ትክክል ነበሩ። ይህን መኪና ውስጥ አያንሡ። አገር ቤት ላሉት እናትዎም ሰባት አሥረኛ ስኮላርሺፕ ምን እንደሆነ በስልክ ለማስረዳት አይሞክሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዝምታ እንምጣ። ይህን ሁሉ የከፈሉት ዝም ብለው ለመቀመጥ ነው። እኛ ቴሌቪዥን ውስጥ ላለ ዳኛ እንኳ ምክር የምንለግስ ሰዎች ነንና ይህ ቀላል አይደለም። ልጅዎ የመምቻ ዱላውን ይዞ ሲቆም «አይዞህ!» ብለው አይጩኹ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቃሉ የሚገባው እርሱ ብቻ ስለሆነ ያልሰማ መስሎ ይቆማል፣ ጆሮው ግን ይቀላል። ሲስት እጅዎን አናትዎ ላይ አይጫኑ፤ ደግሞም አያማትቡ። በዚህ ጨዋታ ከ10 ጊዜ 3ቱን የመታ ሰው ድንቅ ይባላል። ልጁ 97 ሲያመጣ «ሦስቱስ የት ሄዱ?» ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ ይህ የእምነት ፈተና ነው። ሰባቱ የት እንደሄዱ በቤዝቦል አይጠየቅም።

ወደ አጥሩም አይጠጉ። ውሃ ለማቀበል፣ «በላህ?» ለማለት፣ ሹራብ ለማድረስ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አይጠጉ። ሜዳው ዳር ቆሞ የልጁን ክንድ አቅጣጫ በምልክት የሚያርም አባት አሰልጣኞቹ ዘንድ በደንብ ይታወሳል፤ ልጁም አብሮ ይታወሳል።

መዝጊያው ላይ ዋናው አሰልጣኝ ወላጆችን ሰብስቦ ይናገራል። ፕሮግራማቸው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ባህላቸው ልዩ እንደሆነ ይነግርዎታል። ሲጨርስ ሄደው እጁን በሁለት እጅ ይዘው ጤናውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን አይጠይቁት። «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» የሚለውም ጥያቄ ይቅር፤ ደረጃ የለም፣ ሰርተፍኬትም የለም፣ ያለው ቁጥር የታተመበት ላብ የጠጣ ቲሸርት ነው። ልጅዎ ገና ትንሽ ከሆነ አሰልጣኙ ቢዘጋዎት አይቀየሙት። የዲቪዥን አንድ አሰልጣኞች ልጁ 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ካለው ኦገስት 1 ቀድመው ስለ ምልመላ እንዳያነጋግሩት ደንቡ ይከለክላቸዋል። ከዚያ ቀን በኋላም ዝም ካለ ግን ደንቡ አይደለም፤ መልሱ ነው።

የእርሱንም ጭንቀት ይረዱለት። ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው የዝውውር መዝገብ ከተከፈተ ወዲህ፣ ሌላ ኮሌጅ ውስጥ የበሰለና ጢሙን ያበቀለ የ22 ዓመት ጎልማሳ ወስዶ በነገታው ማሰለፍ ይችላል። የእርስዎ ልጅ ገና የጥርስ ብረቱ አልወለቀለትም። አሰልጣኙ ቢሸነፍ ከሥራ የሚባረረው በዚህ ዓመት ነው፤ ልጅዎ የሚደርስለት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ካምፕ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። የመጀመሪያው፣ ቤዝቦሉ ቢቀር እንኳ ልጅዎ ሊማርበት የሚፈልገው ትምህርት ቤት መሆኑን ነው፤ ካልሆነ ቤት ተኛ ይበሉት። ሁለተኛውን ልጁ ራሱ ጽፎ አሰልጣኙን ይጠይቅ፦ «በእኔ ዓመትና በእኔ ቦታ ስንት ተጫዋች ትፈልጋላችሁ?» መልሱ ቁጥር ከሆነ ይክፈሉ። መልሱ ስለ ቤተሰብና ስለ ባህል ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ።